ከኤ እስከ ኤል

አባዬ ጎሚስታ ነው። ጎማ ይነቅላል፣ ካላማዳሪ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በየመንገዱ ዳር ሞልቷል። በየማለዳው ኮምፕሬሰሩን ከማስነሣቱ በፊት፣ ደጃፉ ላይ በተንጠለጠለ አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ላይ አንድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል በጠመኔ የሚጽፍ ጎሚስታ ግን ከእሱ ሌላ አላጋጠመኝም። ካለም ለሚስቱና ለልጆቹ ብርታቱን ይስጣቸው።

ቃሉ የሚጻፈው በጎማው ውጭ በኩል ነው፤ ትርጉሙ ከውስጥ። ትርጉሙን የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ጎማው ቀዳዳ መክተትና አንገቱን ወደ ላይ አጣሞ ማንበብ አለበት። አባዬ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። «ቆሞ የተነበበ ቃል አይያዝም፤ ትንሽ አንገት ይመም» ይላል። ስለዚህ በጠዋት በሰፈራችን የሚያልፍ እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላታቸውን ጎማ ውስጥ ከትተው ወገባቸውን ለመንገደኛው የሰጡ የተከበሩ ሰዎችን ነው። የባንኩ ዘበኛ አለ፣ የፋርማሲዋ ሴትዮ አለች፣ ክራቫት ያሠሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ሾፌር ትከሻው ድረስ ገብቶ አልወጣ ቢል፣ አባዬ ጎማ በሚነቅልበት ብረት ፈልቅቆ አወጣው። ሰውየው ጆሮውን እያሻሸ «ቆይ እንጂ፣ ትርጉሙን አልጨረስኩም» ብሎ ተቆጣ።

ሰፈሩ አባዬን «ጋሽ ኤል» ይለዋል። ምክንያቱ ዲክሽነሪው ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ አባዬ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆመ። ሾፌሩ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ቢያጣ ጊዜ ከወንበሩ ሥር ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አወጣና፣ ከመሐሉ ለሁለት ገንጥሎ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቀው። አባዬ የፈነዳውን ጎማ ሠርቶ ሲጨርስ ሾፌሩ የፊቱን ታኮ አንሥቶ ወደ ጋቢናው ወረወረና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። የኋላውን ረሳው። እዚያ አቧራ ላይ ቀርቶ፣ የጎማ ጥርስ ታትሞበት የተገኘው ግማሽ መጽሐፍ ዲክሽነሪ ነበር። ከኤ ይጀምርና ኤል ላይ፣ «ሉጉብሪየስ» በሚል ቃል ያልቃል። ፊቱን ያጨፈገገ፣ ሐዘን የተጫነው ማለት ነው። አባዬ ያንን ገጽ ገልጦ ቀጥሎ ምንም እንደሌለ ባየ ጊዜ ፊቱ ምን እንደመሰለ ከዚህ ቃል የተሻለ የሚገልጸው የለም።

አባዬ ትምህርቱን ያቋረጠው አባቱ ሲሞቱበት ነው፤ ከክፍሉ በእንግሊዝኛ አንደኛ እየወጣ ሳለ። «ትምህርቴም ግማሽ፣ መጽሐፌም ግማሽ፤ ተገጣጠምን» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ይህን ባለ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል። ያቺን ግማሽ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያዛት። ኤል ላይ ሲደርስ ወደ ኤ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ብቸኛ ልጁ በመሆኔ ገና አፌን ስፈታ ጀምሮ የቁርስ ሰዓት ለእኔ የፈተና ሰዓት ነበር።

«ልጅት፣ ኢንዴፋቲገብል?»

«የማይታክት፣ የማይደክመው።»

«ኢፌመራል?»

«ውሎ የማያድር።»

«ምሳሌ?»

«ጎረቤት ያለው ጎሚስታ የለጠፈው ጎማ።»

ይቺን መልስ ስሰጠው ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ የራሱን እንቁላል ቆርሶ ያጎርሰኛል።

ሁለተኛውን ክፍል መጠበቅ ግን አልተወም። ወደ ደጃፉ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከወንበርህ ሥር ግማሽ መጽሐፍ የለም?» ተብሎ ነው። እማዬ «አንተ ሰው፣ ያ መኪና እስካሁን ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ተሽጧል» ስትለው «ጎማው የማይፈነዳ መኪና የለም፤ አንድ ቀን ይመጣል» ይላታል። ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ሙሉ ዲክሽነሪ ገዛሁለት። ሳመኝና ከኤ እስከ ኤል ድረስ በትክክል መጻፉን አንድ በአንድ አጣራ። ከዚያ ዘጋው። «ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ነው፤ የእኔ ሲመጣ አነበዋለሁ» ብሎ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ምን ይደረጋል?

አሁን ስለ ቤታችን ሚስጥር ልናገር። ከጎማ ጥገናው ጋር ግድግዳ የምትጋራ የእማዬ ሱቅ አለች፤ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ሻይ የምትሸጥባት። ጎማው እስኪሠራ የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። አባዬ ጎማውን እያገላበጠ ባለቤቱን በአንድ ዓይኑ ይመዝነውና ለእማዬ አንድ ቃል ይወረውርላታል። «ኢራሲብል!» ካለ ሰውየው ቶሎ የሚቆጣ ነው፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሰጠዋል፣ ወሬ አይጀመርለትም። «ፋስቲዲየስ!» ካለ አቃቂር አውጪ ነው፤ ወንበሩ ፊቱ ይወለወላል። «ጋሩለስ!» ካለ ለፍላፊ ነው፤ ቶሎ እንዲሄድ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሰዎቹ የመሣሪያ ስም የሚጠራ ይመስላቸው ነበር። እንዲያውም አንዱ ባለ ታክሲ «ጋሩለሷ ተገኘች ወይስ ከሌላ ቦታ ልግዛልህ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰምቼ ሳቄን ልውጥ ብዬ ሻይ ትን አለኝ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ያ የጎደለው ክፍል ለአባዬ የማያልቅ ምክንያት ሆነለት። እማዬ «አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አይወጣህም?» ስትለው «እሱ ቲ ላይ ነው፤ ክፍሉ የለኝም» ይላታል። «ይቅርታስ?» ስትለው «ኤስ ላይ ነው።» እኔ ፈተና አልፌ ውጤቴን ሳሳየው ፊቱ በራ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ «ለዚህ የሚሆነው ቃል ፒ ላይ ነው መሰለኝ» ብሎ ትከሻዬን በዘይት እጁ አቆሽሾ ሄደ። ኤ ላይ ለይቅርታ፣ ጂ ላይ ለምስጋና የሚሆን ቃል እንዳለ እኔም እሱም እናውቃለን፤ ለምን እንደሚያልፋቸው ግን አልጠየቅሁትም። «ሎቭ»ም እዚያው ከሉጉብሪየስ ትንሽ ከፍ ብሎ አለ። አባዬ ግን «የሕፃን ቃል ነው» ብሎ ጎማው ላይ ጽፎት አያውቅም። እማዬ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ሳህን ይከብዳታል፤ እያጋጨች ታጥባለች።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ላገባው ስለፈለግሁት ሰው ለመናገር ነው።

አንድ ቅዳሜ እማዬን እያገዝኩ ሳለ አንድ ቀጭን ሰውዬ የተነፈሰ ብስክሌት እየገፋ መጣ። ሱሪው በሰንሰለት ዘይት ተለቅልቋል፣ ከቦርሳው ጠርዝ ወረቀት ይንጠባጠባል፣ በአንድ እጁ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ይዟል። አባዬ አየት አደረገውና «ሃፕለስ!» ብሎ ጮኸ። ዕድለ ቢስ ነው፣ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ውኃ ስጡት ማለት ነው። ሰውየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እኔ ፈገግታውን አየሁ። ውኃውን ሳቀብለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድለ ቢስ መሆኔ እስከዚህ ያስታውቃል እንዴ?» አለኝ።

ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ስንት ሰው በሚያልፍበት ደጃፍ ላይ አባዬ የሚለው የገባው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ አለኝ። ወዲያው ክንዱን ያዝኩና ለመንኩት።

«በናትህ፣ እንደገባህ አባቴ ካወቀ ዳግመኛ ቃል አይወጣውም። እንዳልሰማህ ሁን።»

«እንግሊዝኛ የማይገባው እንግሊዝኛ አስተማሪ ልሁን?»

«እዚህ ደጃፍ ላይ ብቻ።»

እሺ አለ። እሺ ማለቱን ወደድኩለት። ከዚያ በኋላ ያ ብስክሌት በየቅዳሜው ይተነፍስ ጀመር። አባዬ ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ እየነከረ «ይህ ሰው ሚስማር ይስባል እንዴ?» ይላል፤ እማዬ እኔን አየት ታደርግና ትስቃለች። እሷ ነገሩ የገባት ገና ከመጀመሪያው ብርጭቆ ነው።

ላገባው እንደምፈልግ ለአባዬ ስነግረው የጎማ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ሃፕለስን?»

«አዎ።»

«ጎማውን መጠበቅ ያቃተው ሰው ልጄን ሊጠብቅ? ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነው።»

«ምን ያስተምራል?»

«ልጆች» አልኩት። አልዋሸሁም። እንግሊዝኛ ነው ብዬ ብነግረው ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አስቦ ደንግጦ በሩን ይዘጋበት ነበር። አባዬ ፊቱን ቋጥሮ «እሁድ ሰው ይዞ ይምጣ፤ አይቼ እነግርሻለሁ» አለ። ያለ እሱ እሺታ እንደማላገባ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ፊቱን የቋጠረው በብስክሌቱ ብቻ እንዳልሆነም አውቄበታለሁ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ቃል ሳይጠይቀኝ ቀረ፤ እንቁላሉንም ሳይጨርስ ተነሣ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ያሳደጉትን አክስቱን ይዞ መጣ። አክስቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገና ደረጃውን ሳይጨርሱ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባቸው ስለተቀመጠችው ሴትዮ ኮት አሰፋፍ መናገር ጀምረው ነበር። አባዬ በፈገግታ እጃቸውን እየጨበጠ፣ ወደ እማዬ ዘወር ሳይል «ጋሩለስ» አለ።

አስተማሪው ምንጣፉን ማጥናት ጀመረ። እማዬ ደግሞ ፀሐይ ላይ ማስቀመጡን ትታ ሴትዮዋን ቤቱ ውስጥ አለ የተባለው ሶፋ ላይ፣ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አባዬ አፈጠጠባት። እሷ ሻይ ልታመጣ ሄደች።

«ኢሜሺዬትድ» አለ ቀጥሎ፣ አስተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ እየተመለከተ፣ ሳል አስመስሎ። አጥንቱ የወጣ፣ ከስቶ ያለቀ ማለት ነው።

«ምን አሉኝ ወንድሜ?» አሉ አክስቱ።

«ስኳር ይጨመር ወይ ነው ያልኩት።»

«ይጨመር እንጂ! እኔ ስኳር ካልበዛበት ሻይ ነው አልልም፤ ሐኪሙ እንኳ ተው ሲለኝ…» ሐኪሙን ከነነርሷ ጨርሰው ወደ ልብስ ስፌት መኪናቸው ተሻገሩ።

እማዬ ብስኩት ሞልታ ስትመጣ አባዬ «ፍሩጋል!» አላት። ቆጥቢ፣ ግማሹን መልሺው ማለት ነው። እማዬ ሳህኑን አክስቱ ጭን ላይ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ከእንግዳ ፊት ጠብ እንዳይነሣ ብላ ግማሹን መለሰች። የመለሰችበት አረማመድ ግን ለአባዬ ማታ የሚጠብቀውን ይናገር ነበር።

አባዬ አስተማሪውን መጠየቅ ጀመረ። የት ተወለድክ፣ ቤት አለህ ወይ፣ ለምን ዝም ትላለህ። ሰውየው ፍርሃት አንደበቱን አሥሮት «አዎ ጋሼ»፣ «አይ ጋሼ» ከማለት አላለፈም። ሌላ ጊዜ እኔን እንባዬ እስኪፈስ የሚያስቀኝ ሰው ነው! አባዬ ተስፋ ቆርጦ ወደ እማዬ ዞረና «ኢንሲፒድ» አለ። ጣዕም የሌለው። አስተማሪው አልተነቃነቀም፤ ጆሮዎቹ ብቻ ቀሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አባዬ ግን ገና አልበቃውም።

«ኢቫኩዌት» አለ፣ በሩን በአገጩ እያመለከተ። አስወጪልኝ ማለቱ ነው።

እማዬ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በገዛ ቋንቋችን «እሱን ቃል አላጠናሁትም» አለችው።

«ቃል» የምትለዋን የሰሙት አክስቱ ወዲያው ገቡበት። «ቃል አሉኝ? ስለ ቃል ከተነሣማ የእኔን ልጅ ነው መጠየቅ! ጢም ሳያበቅል ጀምሮ እኮ እንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። መጽሐፍ ውስጥ የሌለውን ቃል ሁሉ ያውቃል።»

አባዬ ሲኒውን አስቀመጠ። ክው አለ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እማዬን፣ ከዚያ አስተማሪውን። ቅዳሜዎቹ ሁሉ በዓይኑ ፊት ሲያልፉ ይታየኝ ነበር፤ ሃፕለስ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ይህ። አባዬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ኃይለኝነት ነው። ወንበሩ ላይ ቀና አለና አስተማሪውን በጣቱ አመለከተው።

«እንግዲያው አስተማሪ ከሆንክ ንገረኝ። ጋሩለስ ምንድን ነው?»

ቢመልስ፣ አክስቱ ለፍላፊ ተብለው እንደነበር በገዛ ልጃቸው አፍ ሊሰሙ ነው፤ አባዬም ሲሳደብ እንደዋለ በእንግዳ ፊት ሊጋለጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያንን ሰው ዓይኑን ማየት አይችልም። ባይመልስ ደግሞ ውሸታም አስተማሪ ነው፣ ልጄን ለእሱ አልሰጥም ይላል። በሁለቱም በኩል የምቀረው እኔ ነኝ።

አስተማሪው የያዘውን ብስኩት ሳህኑ ላይ መለሰ። አባዬን አየው፤ በፍርሃት አልነበረም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱን አላውቀውም። እኔ የማስተምረው ከኤም ጀምሮ ነው።»

«ምን?»

«ከኤም እስከ ዜድ። ከኤ እስከ ኤል ያለውን ሌላ ሰው ነው የያዘው።»

«እንዴ!» አሉ አክስቱ። «መቼ ነው የተከፋፈላችሁት? ሁሉንም አይደለም እንዴ የምታስተምረው?»

«አዲስ አሠራር ነው፣ አክስቴ። ዘንድሮ ነው የመጣው።»

«እኔ ሳልሰማ?»

«አንቺ ሳትሰሚ።»

ሴትዮዋ በዚህ ዓለም ላይ ሳይሰሙት ያለፈ ነገር መኖሩ አስደንግጧቸው ጭጭ አሉ። አባዬ ግትር እንጂ ሞኝ አይደለም። ከኤም ጀምሮ ብቻ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ እንደሌለ ያውቃል። ስለ ግማሹ መጽሐፍ ማን እንደነገረውም ያውቃል፤ ዓይኑን ወደ እኔ መልሶ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ላላ፣ የተወጠረ ጎማ ነፋሱ ቀስ ብሎ ሲወጣለት እንደሚሆነው።

«ስንት ዘመን» አለ ለራሱ፣ «ስንት ዘመን ስንቱን የጭነት መኪና ሾፌር ስጠይቅ ኖርኩ። በብስክሌት ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

እማዬ ይህን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«እንግዲህ ሁለተኛው ክፍል መጥቷል» አለችው። «ምክንያትህ አለቀ። የጎደለህን ጠይቀው።»

አባዬ አንገቱን አከከ። ጥፍሩ ሥር ያለውን፣ በምንም ሳሙና የማይለቀውን ጥቁር ነገር መረመረ።

«አንድ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከጣቱ ሳያነሣ፣ «አንድ ሰው ሳያስፈልገው ሰው አስቀይሞ፣ በኋላ ደግሞ ያስቀየመው ሰው ሊያድነው ሲሞክር ቢያይ… ያኔ ሆዱን የሚበላው ነገር ምን ይባላል? ከበድ ያለውን ስጠኝ። ሶሪን አውቀዋለሁ፤ የሕፃን ቃል ነው።»

«ሪሞርስ» አለ አስተማሪው ቀስ ብሎ። «አር ላይ ነው፣ ጋሼ። ጸጸት ማለት ነው።»

«ሪሞርስ» አለ አባዬ። ደገመው። ሁልጊዜ አዲስ ቃል ሲያገኝ እንደሚያደርገው በምላሱ አገላበጠው። «ጥሩ ቃል ነው። ይከብዳል።»

«በእኛም ቋንቋ እኮ መናገር ይቻላል» አለች እማዬ፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ፤ ምንም የሚራገፍ አልነበረበትም። አስተማሪውም ደንግጦ ተነሣ። አባቴ በዚያ ሰፊ መዳፉ የሰውየውን ቀጭን እጅ ያዘና «ይቅርታ፣ ልጄ» አለው። ከዚያ ወደ አክስቱ ዞሮ «እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው።

«ለምኑ ነው እሱ?» አሉ አክስቱ፣ ምንም ሳይገባቸው።

«ለስኳሩ» አለ አባዬ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ግድግዳው እስኪሰማ ድረስ ጮኸ፦ «ላቪሽ!»

ይህኛውን እማዬ አጥንታዋለች። አለኝ የምትለውን ሁሉ፣ ሳትሰስት አምጥታ አፈሰሰችው ብል ማጋነን አይደለም። የተመለሰው ብስኩት መጣ፣ ከሱቅ ያልተከፈተው ካርቶን መጣ፣ ለስላሳ መጣ። አክስቱ ወሬያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አባዬም ጉልበታቸውን፣ አውቶቡሱንና የሴትዮዋን ኮት ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጠየቀ ሰማቸው።

ሲሄዱ ግን እሺም እምቢም አላለም። በር ድረስ ሸኛቸውና «ነገ ይታያል» አለ። ምን ቆርጦኝ ልጠይቀው። እማዬም «ተይው፣ ያኝከው» አለችኝ። እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ መናገር አያስፈልግም።

ጠዋት አባዬ ቁርስ ላይ አልነበረም፤ ቀድሞ ወጥቷል። ጎማ ጥገናው ጋ ስደርስ ከወትሮው የበዛ ሰው ተሰብስቧል። የባንኩ ዘበኛ ወገቡን ለመንገዱ ሰጥቶ ጎማው ውስጥ ነበር። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ጭራሽ የማይጠገን የሚመስል ካላማዳሪ በትጋት ይፈገፍጋል። ጎማው ላይ በትልቁ፣ በጠመኔ፣ በአር የሚጀምር ቃል ተጽፏል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያ ጎማ ላይ ከኤል ያለፈ ፊደል ሲጻፍ አይቼ አላውቅም።

ዘበኛው ጭንቅላቱን አወጣ። እኔን ሲያይ ፊቱ በሳቅ ተሞላ። «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለኝ።

«በምኑ?» አልኩት። ሳልጠብቅ ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ከተትኩ። የጎማ ሽታና የጠመኔ ብናኝ አፍንጫዬ ገባ። አንገቴን ወደ ላይ አጣመምኩ። ትርጉሙ ሁልጊዜ በሚጻፍበት ቦታ፣ በአባዬ ቁልቁል በሚንሸራተት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ትርጉሙን አማቼን ጠይቁት። ከኤም ጀምሮ ያለው የእሱ ነው።»

ከሥሩ ደግሞ፣ ቦታ ስላልበቃው ተጨናንቆ፣ ያንን ኤል ላይ ያለውን የሕፃን ቃል ጽፎታል። ከኋላዬ ያለው ሰው «እህቴ፣ ተራ ልቀቂ እንጂ» ይለኛል። እኔ ግን አንገቴን እስኪያመኝ ድረስ እዚያው ቆየሁ።